በሰው ስም አቤት የሚል ልጅ

ማስተማር የተለማመድኩት ውጭ አገር ነው ስል ሰዎች ፓሪስ ወይም ሮም ይመስላቸዋል። ሐረር ነው። ጅቡቲ ተወልዶ ላደገ ሰው ሐረር ውጭ አገር ነበር፤ ድንበር ላይ ወረቀት አሳይቼ፣ ሻንጣዬን አስበርብሬ ነው የገባሁት። እናቴ ግን «አገራችን» ነበር የምትለው። ባቡር ጣቢያ ስትሸኘኝ «አገርህ ገብተህ እንዳታሳፍረኝ» አለችኝ። እኔ አገሬን የማውቀው በእሷ ወሬ ብቻ ስለነበር፣ ሰው ሁሉ እንደ እናቴ ደግ የሆነበት ቦታ የምሄድ መስሎኝ ነበር። ሃያ ዓመቴ ነው፤ ያን ያህል ሞኝ መሆን የሚፈቀድበት ዕድሜ።

አባቴ ከሸዋ የወረደው ሐዲድ ሊዘረጋ ነው። አንድ ቀን ብረት ወድቆ ቀኝ እጁን ጨፈለቀውና ከሥራ ወጣ። ከዚያ ወዲያ የኖርነው በእናቴ ድስት ነው። ለባቡር ሠራተኞች ወጥ እየሠራች እኔን ፈረንጆቹ ትምህርት ቤት አስገባችኝ፤ ለመምህርነትም ተማርኩ። ደንቡ እንዲህ ነበር፤ የመጨረሻውን ስድስት ወር ሌላ ቦታ ሄደህ ነባር መምህር ሥር ታስተምራለህ። ነባሩ መምህር «ይህ ሰው ማስተማር ይችላል» ብሎ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም መትቶ ይሰጥሃል። ያን ወረቀት ይዤ ከተመለስኩ መምህር ነኝ፤ ካልያዝኩ ወደብ ወርጄ ጨው እሸከማለሁ። ይህን እናቴም እኔም እናውቅ ነበር። በኋላ እንደታየው ሌላ ሰውም በደንብ አውቆት ኖሯል።

እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ ሐረር ድረስ በበቅሎ ሄድኩ። በዕድሜዬ በቅሎ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ስደርስ መቀመጥ ስላቃተኝ የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ ቆሜ አስተማርኩ። ልጆቹ «ከባሕር ማዶ የመጣው መምህር አይቀመጥም» ብለው እቤታቸው አወሩ አሉ።

ዋናው መምህር ከሸዋ ሠራዊት ጋር መጥቶ ሐረር ከቀረ ቤተሰብ የተወለዱ ሰው ነበሩ። ድጓውንም ቅኔውንም ቀምሰዋል፤ ትንሽ ፈረንሳይኛም ይሞክራሉ። ቁመታቸው ረዘም ያለ፣ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ሰው ሲያዋሩ ክንድ ይዘው የሚያዋሩ ነበሩ። የደረስኩ ዕለት ሻንጣዬን ከእጄ ቀምተው «ልጄ፣ እኔ እያለሁ ቤት አትከራይም» አሉኝ። ከግንቡ ውጭ፣ አዲሱ ሰፈር ባለው ቤታቸው አንድ ክፍል ሰጡኝ። ባለቤታቸው የእናቴን እጅ እንዳልናፍቅ አድርገው አበሉኝ። የኔታ አልኳቸው። እስከ ዛሬም «አንቱ» እላቸዋለሁ፤ ስለሚገባቸው ሳይሆን አፌ ስለለመደ ነው።

ትምህርት ቤቱ ጀጎል ውስጥ ነበር፤ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወረድ ብሎ፣ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማይተላለፍበት መንገድ ዳር ያለ የሐረሪዎች ቤት። አግዳሚ ወንበር የለም። እንደ ሐረሪዎች ቤት ሁሉ፣ ወለሉ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ ነደባ የሚሉት መደብ ተሠርቶበታል፤ ልጆቹ እዚያ ላይ ይቀመጣሉ። ቤቱ የአንድ ነጋዴ ነው። ነጋዴው ቤቴን ልቀቁልኝ ማለት ከጀመረ ሰንብቷል፤ የኔታም ራት ላይ ከዚህ ሌላ ጭንቀት የላቸውም። «ጣሪያ ካጣን ሠላሳው ልጅ ይበተናል» ይሉ ነበር።

የመጀመሪያ ትምህርቴን አልረሳውም። ፊደል ሰሌዳ ላይ ጽፌ «አሁን በልባችሁ አንብቡ» አልኩ። የተማርኩት እንደዚያ ነው፤ ጸጥ ያለ ክፍል ጥሩ ክፍል ነው። ሠላሳው ልጅ ዝም አለ። ግማሾቹ ካህን ዘንድ፣ ግማሾቹ ቁርኣን ቤት ያደጉ ናቸው፤ ለሁለቱም ንባብ ማለት ጮክ ማለት ነው፤ ዝም ማለት ቅጣት ነው። አንዱ ትንሽ ልጅ ማልቀስ ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ከጎረቤት አንዲት ሴት በሩን ገፋ አድርገው «ምነው ዝም አላችሁ፣ ሰው ሞተባችሁ?» አሉ። የኔታ ከት ብለው ሳቁና «ልጄ፣ እዚህ ቤት ድምፅ ከጠፋ ለቀስተኛ ነው የሚመጣው» አሉኝ። እኔም ሳቅኩ። በዚያን ቀን ወደድኳቸው።

ክርስቲያኖቹ ልጆች የኔታን አይተው እኔንም የኔታ ሊሉኝ ሞከሩ፤ ጢም ስለሌለኝ አልሆነላቸውም። የከተማው ልጆች የቁርኣን መምህራቸውን እንደሚጠሩት «ከቢር» አሉኝ። በዚያው ጸና።

ከልጆቹ አንዱን መዝገብ ስጠራ ነው ልብ ያልኩት። ስሙን ስጠራ ዝም ይላል። ጎኑ ያለው ልጅ በክርኑ ጎሸም ሲያደርገው «አቤት!» ብሎ ብድግ ይላል። በየቀኑ እንደዚያው ነው። ጆሮው የሚደክም መስሎኝ ቀስ ብዬ ከኋላው ቆሜ ጣቴን አንቋቋሁ፤ ከሁሉ ቀድሞ ዞረ። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጭን፣ ክንዱ ላይ የድሮ ቃጠሎ ጠባሳ ያለበት። ሲያነብ ጣቱን ቃሉ ሥር እየጎተተ፣ ወገቡን ወደ ፊት ወደ ኋላ እያወዛወዘ ነው። ሌላው በወር የሚይዘውን በሳምንት ይጨርሳል። እኔ አማርኛዬ ሳይደርስላቸው ሲቀር ለከተማው ልጆች በሐረሪ፣ ለገጠሮቹ በኦሮሞኛ ያስረዳልኛል። እውነቱን ልናገርና፣ ካስተማርኩት ግማሹን ያስተማረው እሱ ነው።

የሚቀመጠው በሩ ጥግ ካለው ዝቅተኛ ነደባ ላይ ነበር። መዝገቡ ደግሞ የነጋዴው፣ የዚያው የቤቱ ባለቤት ልጅ ነው ይላል። የሀብታም ልጅ ትሑት ሆኖ አየሁትና ልቤ ተነካ። አንድ ጠዋት ሁሉም እያየ ክንዱን ይዤ ከፍተኛው ነደባ ላይ፣ በሐረሪዎች ቤት የቤቱ ታላቅ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። «ያነበበ ከፍ ይላል» ብዬ ንግግር ቢጤም አደረግኩ። የከተማው ልጆች ተያዩና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እሱ ጫፉ ላይ፣ አንድ እግሩን መሬት አስነክቶ ተቀመጠ። ቀኑን ሙሉ ፊቱ ቀላ። ዓይን አፋርነት መሰለኝ።

ትምህርቴ ላይ «ጥሩ መምህር የወላጅ ቤት ይጎበኛል» የሚል ነገር ነበር። ለየኔታ ነገርኳቸው፤ «ምን ያደክምሃል» አሉኝ። አልሰማኋቸውም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ትልቁ ገበያ፣ ወደ ጊደር መጋላ ወርጄ የነጋዴውን ቤት ጠየቅኩ። ነጋዴው ከመስጊድ የተመለሱ፣ ንጹሕ ኮፍያ ያደረጉ፣ ትሑት ሰው ናቸው። «አህለን፣ መርሐባ፣ መምህር!» ብለው ከፍተኛው ነደባ ላይ አስቀመጡኝ። ሻይ መጣ፤ ሐልዋ መጣ። እኔም ልጃቸውን ማመስገን ጀመርኩ። ማስታወሱን፣ ትሕትናውን፣ ጎበዝነቱን። እሳቸው «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፤ ሐልዋውን ግን ወደ እኔ እየገፉ፣ ዓይናቸው በሩን በሩን ያያል።

«ጥሩልኝ፤ ፊትዎ ላመስግነው» አልኩ።

ኮፍያቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ወደ ጓዳ ተጣሩ። የመጣው ልጅ ወፍራም፣ ጥሩ የለበሰ፣ በሕይወቴ አይቼው የማላውቅ ልጅ ነበር። አባቱ «የመምህርህን እጅ ሳም» አሉት። ሳመኝ።

እዚያ ላይ «ይህ የእኔ ተማሪ አይደለም» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሰው ቤት ተቀምጬ፣ የሰው ሻይ በእጄ ይዤ፣ አባትን በቤቱ ማሳፈር እንዴት ይሆናል? ይሉኝታ ያዘኝ። እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነው። ስለዚህ የማላውቀውን ልጅ ራስ እየዳበስኩ «ጎበዝ ነው፣ ጎበዝ» አልኩ። በዚህ መካከል ከኋላዬ የማስታጠቢያ ውሃ መጣ። እጄን ዘረጋሁ። ውሃ የሚያፈሰውን ክንድ አየሁ፤ ጠባሳው አለበት። ቀና ስል ያ የእኔ ልጅ ነው። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ውሃው ከእጄ አልፎ እጅጌዬን አራሰው። «ይቅርታ ከቢር» አለ፤ ወጣ።

ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን አላየሁትም። ሦስት ወር ሙሉ በሰው ስም ስጠራው፣ ሠላሳ ልጅ እያወቀ እኔ ብቻ ሳላውቅ! ሕፃን እንኳ እንደዚህ አይታለልም። በጣም ተናደድኩ፤ በልጁ ሳይቀር ተናደድኩ።

ሰኞ ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ መጣ። ከፍተኛው ነደባ ላይ አልወጣም፤ በሩ ጥግ ቆመ።

«ተቆጡኝ ከቢር?» አለ።

«አንተ ማነህ?» አልኩት።

ነገሩን እየተቁለጨለጨ ነገረኝ። የገዥው ግቢ «እያንዳንዱ ነጋዴ አንድ ልጅ ትምህርት ቤት ይላክ» ብሎ አዟል። ነጋዴዎቹ ልጆቻቸው ቁርኣናቸውን እንዳይተዉ፣ ከሱቃቸው እንዳይርቁ፣ ሃይማኖታቸው እንዳይለወጥ ፈሩ። ስለዚህ ብዙዎቹ የሚላላክላቸውን ልጅ በልጃቸው ስም ሰደዱ። የእሱ እናት ነጋዴው ቤት እህል የምትፈጭ ናት። «አንተ ሂድ፤ ስሙ ሲጠራ አቤት በል፤ ሌላ ምንም አታድርግ» አሉት። እሱ ግን ሌላም ነገር አደረገ፤ ተማረ።

«እዚያ ቤት ማንበብ መቻሌን የሚያውቅ የለም። ዝም ብዬ የምቀመጥ ነው የሚመስላቸው» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ተፈትነው ያለፉ ልጆች ወረቀት ይሰጣቸዋል አሉ። የእኔ ላይ የማን ስም ነው የሚጻፈው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ያ ወረቀት ጉምሩክ ጸሐፊ ያስቀጥራል። ያኔ ነው ነገሩ የታየኝ፤ እሱም እኔም አንዲት ወረቀት ነበር የምንጠብቀው። «እናስብበታለን» አልኩት።

«ለማንም አይንገሩ ከቢር። ወረቀቱ ይቅር። ካወቁ ያስወጡኛል። ለእርስዎ ብቻ ነው የነገርኩት፤ አማና ነው» አለ።

አማና የሚለውን ቃል እንደ ሐረር ሰው ሁሉ አውቀዋለሁ። አደራ ነው፤ እግዜር የሚጠይቅበት አደራ። «እናቴ ትሙት አልናገርም» አልኩት።

አሥር ቀን ቻልኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን ምሳ ላይ የኔታ ክንዴን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ምን ከበደህ? ፊትህ ከስቷል» አሉኝ። እስኪ በሞቴ፣ ባዕድ አገር ልጄ የሚለው ሰው ያገኘ ምን ያደርጋል? ደግሞ አሰብኩት፤ ፈተናው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው፤ መዝገቡ በእሳቸው እጅ ነው፤ በልጁ በራሱ ስም ሊያስተካክሉት የሚችሉ እሳቸው ብቻ ናቸው። ለልጁ ብዬ ነው አልኩ በልቤ። በመጀመሪያ አስማልኳቸው። አንገታቸው ላይ ያለውን ማተብ ይዘው «በማተቤ፣ ከእኔና ከአንተ አይወጣም» አሉ። ነገርኳቸው። የነጋዴውን ቤት፣ ወፍራሙን ልጅ፣ ማስታጠቢያውን፣ ሁሉንም። እሳቸው እንጀራቸውን ሳይቆርሱ ሰሙኝ። «ለእኔ ተወው። በጸጥታ አስተካክለዋለሁ» አሉ። ባለቤታቸው ወጥ ጨመሩልኝ፤ ደስ ብሎኝ በላሁ።

በማግስቱ ልጁ አልመጣም። በሳልስቱም አልመጣም። የኔታን ስጠይቃቸው «እየተስተካከለ ነው» አሉኝ። አመንኳቸው። እንዲህ ያለ እምነት እንዴት እንደነበረኝ ዛሬ ሳስበው ራሴን በጥፊ መማታት ያምረኛል።

የፈተናው ቀን ከገዥው ግቢ አንድ ሹም ተላኩ። ቤቱ ምንጣፍ ተነጥፎበት፣ ነጋዴዎቹ በግራ፣ የክርስቲያኖቹ ልጆች አባቶች የሆኑት የጦር ሰዎች በቀኝ ተቀምጠዋል። ከፍተኛው ነደባ ላይ፣ እኔ ልጄን ባስቀመጥኩበት ቦታ፣ ወፍራሙ ልጅ አዲስ ልብስ ለብሶ ተዘርፍጧል። የኔታ መዝገቡን ከፍተው ስሙን ጠሩ።

«አቤት!» አለ ወዲያው። ማንም በክርኑ አልጎሸመውም። የገዛ ስሙ ነዋ።

መጽሐፍ ሰጡት። ጣቱን እየጎተተ፣ ወገቡን እያወዛወዘ አንድ ገጽ ተኩል ወጣ። የእኔን ልጅ ድምፅ ነው የሰማሁት። ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ እንኳ አንድ ነው። ቤት ውስጥ ሁለት ሳምንት ሙሉ በቃል ያስጠናው ማን እንደሆነ ለመገመት ብልህ መሆን አያስፈልግም ነበር። ወፍራሙ ልጅ የመጀመሪያው ገጽ ሲያልቅ ቅጠሉን ሳይገልጥ ነው የሁለተኛውን ያነበበው። ይህን ያዩ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እኔና የኔታ።

ሹሙ በጣም ተደሰቱ። ወደ እኔ ዞረው «ይህን ያስተማርከው አንተ ነህ?» አሉኝ።

የኔታን አየኋቸው። መዝገቡ ላይ ሌላ ወረቀት ተቀምጧል፤ የእኔ ወረቀት። ተጽፏል፤ ፊርማና ማኅተም ብቻ ነው የቀረው። እጃቸውን ላዩ ላይ አሳርፈው በዚያ ደግ ፊታቸው ፈገግ አሉልኝ። እናቴ ድስቷን ስታማስል ታየችኝ። ጨው ታየኝ።

«አዎ ጌታዬ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ «የማሉትስ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ነጋዴዎቹ የሌላ ሰው ልጅ እንደሚልኩ መቼ ጠፋኝ? ግማሹ መዝገቤ እንደዚያ ነው። ያጣሁት ቤታቸው ገብቶ በዓይኑ ያየ ምስክር ነበር። አሁን አገኘሁ። ነጋዴው የገዥው ግቢ እንዳይሰማ ፈሩ፤ ቤቱን ለትምህርት ቤቱ ለቀቁልን፤ ልጃቸውንም ራሳቸው ሰጡን። ሠላሳ ልጅ ከሚበተን አንድ ልጅ ቢወጣ ይሻላል» አሉኝ። ከዚያ ማኅተሙን ትንፋሻቸውን እፍ ብለውበት መቱ። «ይኸው፣ መምህር ሆንክ።»

መልስ ብሰጣቸው ደስ ባለኝ። ወረቀቱን ተቀበልኩ። እጅ ነስቼ ነው የተቀበልኩት፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ክፍሌ ገብቼ ግን እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሸጡኝ። ልጄ ብለው፣ አብልተው፣ ማተብ ይዘው ሸጡኝ።

ከመሄዴ በፊት ልጁን ጊደር መጋላ አገኘሁት። ማሽላ የተጫነች አህያ እየነዳ ነበር። ሲያየኝ አህያዋን አቆመ፤ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። እንደ ድሮው «ከቢር» አለኝ። በስድብ እንዲቀበለኝ ነበር የፈለግኩት፤ ይቀለኝ ነበር።

«እኔ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የተናገርኩት» አልኩት። «ማተቡን ይዞ ማለልኝ። ከዳኝ።»

ልጁ የጭነቱን ገመድ ጠበቅ አደረገ።

«እኔም የተናገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነበር» አለ።

ያን ያህል ሳምንት በየኔታ ላይ የቆለልኩት ቁጣ ሁሉ እዚያው እህል ገበያ መሐል ወደ እኔ ዞረ። ሦስት ወር ሙሉ መጠየቅ የነበረብኝን ያን ጊዜ ጠየቅኩት፤ «ስምህ ማን ነው?»

አየኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ የምሩን የሚያስብ ይመስል ነበር።

«አሁን ምን ያደርግልዎታል ከቢር?» አለ። አህያዋን በበትሩ ነካ አደረጋትና ሄደ።

በዚያች ወረቀት ሠላሳ ዓመት አስተማርኩ። እናቴ ሳጥኗ ውስጥ በነጠላ ጠቅልላ ታስቀምጣት ነበር፤ በስሟ ምዬ እንዳፈረስኩ ሳታውቅ ሞተች። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የማንንም ስም አልጻፍኩም። የነጋዴውን ያልጻፍኩት ልጆቹን እንዳላሳፍር ነው። የየኔታን ያልጻፍኩት እንጀራቸውን ስለበላሁ ነው። የልጁን ግን የተውኩት ስለማላውቀው ነው።